ምዕራፍ አራት፦ የባልቲሞር ስድስት ኪሎ ሜትር

ኤፕሪል 19 ቀን 1861 ከማሳቹሴትስ የተነሡ ወታደሮች ባልቲሞር ገቡ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከተጀመረ ገና አንድ ሳምንቱ ነበር፤ ወታደሮቹም ዋሽንግተንን እንዲጠብቁ ተጠርተው ነው። ከሰሜን ያመጣቸው ባቡር ከከተማዋ ምሥራቅ፣ በፕሬዚደንት ስትሪት ጣቢያ ቆመ። ወደ ዋሽንግተን የሚወስዳቸው ባቡር የሚነሣው ደግሞ ከምዕራብ፣ ከካምደን ጣቢያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የከተማው ደንብ ሎኮሞቲቭ በመሀል ጎዳና እንዳያልፍ ስለሚከለክል ፉርጎዎቹ ተፈታትተው፣ አንድ በአንድ በፈረስ እየተጎተቱ ማለፍ ነበረባቸው። ደቡብን የሚደግፍ ሕዝብ ፕራት ጎዳናን ዘጋባቸው። ድንጋይ ተወረወረ፣ ተኩስ ተከፈተ፤ አራት ወታደሮችና አሥራ ሁለት ያህል የከተማው ነዋሪዎች ሞቱ።

ይህ ቀን በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው ከጦርነቱ የመጀመሪያዎቹ የደም ቀኖች አንዱ በመሆኑ ነው። እዚህ ያነሣሁት ግን ስለ ሐዲዱ ብዬ ነው። ከሰሜን የመጣው ሐዲድ አንድ ቦታ ያልቃል፤ ወደ ደቡብ የሚሄደው ሌላ ቦታ ይጀምራል፤ በመካከሉ ከተማ አለ። በመቶ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን በእንፋሎት የመጣ ሰው ለመጨረሻዋ ጥቂት መንገድ ለፈረስ ይተላለፋል። ከሁለት ወር በፊት ለቃለ መሐላ ወደ ዋሽንግተን ይጓዝ የነበረው አብርሃም ሊንከን እንኳ የተሳፈረበት ፉርጎ በዚሁ ከተማ፣ በሌሊት፣ በፈረስ ተጎትቷል።

ባልቲሞር ለባቡር ባዕድ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ባላስገረመ። ነገር ግን የአሜሪካ የባቡር ታሪክ አንድ እግሩ ያለው እዚህ ነው። ባልቲሞርና ኦሃዮ የተባለው የምድር ባቡር ኩባንያ በ1827 ተቋቁሞ በ1828 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን ድንጋይ ያኖሩት፣ የነጻነት መግለጫውን ከፈረሙት ሰዎች መካከል በሕይወት የቀሩት ብቸኛው ሰው ቻርልስ ካሮል ናቸው። በ1844 ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን ቴሌግራም ሲልክ ሽቦው የተዘረጋው ይህንኑ ሐዲድ ተከትሎ ነበር። ወደ ምዕራብ ተራራ ሰንጥቆ ኦሃዮ ወንዝ የደረሰ ኩባንያ በገዛ ከተማው መሀል ማለፊያ አጥቶ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆየ።

ችግሩን ያባባሰው ተፎካካሪው ነው። የፔንሲልቬኒያ ምድር ባቡር በ1873 በከተማዋ ሥር የራሱን ዋሻዎች አስቆፍሮ ሰሜንና ደቡብን አገናኘ። ባልቲሞርና ኦሃዮ ደግሞ ወደ ፊላደልፊያና ወደ ኒውዮርክ የሚሄዱ መንገደኞቹን በሌላ ኩባንያ ሐዲድ ያሳልፍ ነበር፤ በ1881 ፔንሲልቬኒያ ያንን ኩባንያ ገዛው። በሩ በባላንጣ እጅ ገባ ማለት ነው። ባልቲሞርና ኦሃዮ ተገድዶ እስከ ፊላደልፊያ የራሱን መስመር ሠራና በ1886 ጨረሰ። የራሱ ሐዲድ አሁን በሁለቱም በኩል አለው፤ ከተማዋ ግን አሁንም በመካከል ናት። ፉርጎዎቹ ከሎከስት ፖይንት እስከ ካንተን ድረስ በጀልባ ላይ ተጭነው ወደቡን ይሻገሩ ጀመር። ጀልባ ላይ የተጫነ ባቡር ጭጋግን፣ በረዶንና ማዕበልን ይጠብቃል፤ የፔንሲልቬኒያ ባቡር በዚያን ጊዜ ከተማዋን አልፎ ይሄዳል።

የባልቲሞር ቀበቶ መስመር የተወለደው ከዚህ ጭንቅ ነው። ከካምደን ተነሥቶ ከተማዋን በሰሜን በኩል ከብቦ ወደ ፊላደልፊያው መስመር የሚገጥም፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 11 ተኩል ኪሎ ሜትር የሚያህል መስመር ነው። ሥራው በ1890 ተጀመረ። ዋናው አካሉ ሰው እጅግ ከሚበዛባቸው የከተማዋ የገበያ መንገዶች በአንዱ፣ በሃዋርድ ጎዳና ሥር የሚያልፈው ዋሻ ነው፤ ርዝመቱ 2,238 ሜትር ሲሆን ውስጡ በጡብ የተገነባ ነው። ቁፋሮውን ከያዙት ተቋራጮች አንዱ ጆን ማክዶናልድ በኋላ የኒውዮርክን የመጀመሪያ የምድር ውስጥ ባቡር የሠራው ሰው ነው። የመስመሩን ሥራ በመሐንዲስነት የጀመረው ሳሙኤል ሪያ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የዚያው የተፎካካሪ ኩባንያ፣ የፔንሲልቬኒያ ምድር ባቡር፣ ፕሬዚደንት ሆኗል። ዋሻ መቆፈር በዚያ ዘመን ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ሙያ ነበርና ባለሙያዎቹን ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከባላንጣ ወደ ባላንጣ ይወስዳቸው ነበር።

አሁን ወደ ጭሱ ልምጣ፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እሱ ነውና።

በክረምት ሌሊት በር ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ምን እንደሚያስከትል አገራችን ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ገዳዩ የሚታየው ጭስ አይደለም፤ ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚያወጣው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ደም ኦክሲጅንን ከሚይዝበት ኃይል ይልቅ ይህን ጋዝ እጅግ አጥብቆ ይይዛል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። አሁን ያንን የከሰል ምድጃ በቶን በሚቆጠር የድንጋይ ከሰል አባዙትና ሁለት ኪሎ ሜትር በሚረዝም ጡብ ቱቦ ውስጥ አስገቡት። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ዋሻ ውስጥ ሲገባ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሃዋርድ ጎዳና ላይ ይህን የሚያከብድ ሌላ ነገርም ነበር። ዋሻው ከካምደን ወደ ሰሜን ሲሄድ ዳገት ነው፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 8 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከዋሻው ሲወጣ ደግሞ ዳገቱ ይብሳል። ለእግረኛ ይህ ሜዳ ነው፤ ለባቡር ግን አቀበት ነው። ሎኮሞቲቭ በዳገት ላይ ከሰሉን በብዛት ያነድዳል፣ ጭሱንም በኃይል ይተፋል፤ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ደግሞ በገዛ ጭሱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ጭሱን ወደ ላይ የሚያወጡ የአየር ጉድጓዶች በመደብሮችና በመኖሪያ ቤቶች መካከል መክፈት የማይታሰብ ነበር፤ በጎዳናው ዳር ያሉ ባለ ንብረቶች እንዴት ብለው ይፈቅዳሉ? ከተማዋም ጭስ እንዲመጣባት አትፈልግም ነበር።

እንግዲህ ጭስ የሌለው ሎኮሞቲቭ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ለዋና የባቡር መስመር ገና አልተሠራም።

ኤሌክትሪክ ባቡር የሚባል ነገር ፈጽሞ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ቨርነር ፎን ሲመንስ በ1879 በርሊን በተካሄደ ትርኢት ላይ ሰዎችን በትናንሽ ወንበሮች አስቀምጦ የሚጎትት ትንሽ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ አሳይቷል። ፍራንክ ስፕሬግ በ1888 በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ የከተማ ትራሞችን በኤሌክትሪክ አስነድቷል። ባልቲሞር ራሷ በ1885፣ ሃምፕደን በሚባለው ሰፈር፣ ሊዮ ዳፍት በተባለ ሰው አማካይነት ኤሌክትሪክ ትራም ሞክራ ነበር። እነዚህ ሁሉ ግን ትናንሽ ሠረገላዎች ናቸው። የአገር አቋራጭ ባቡርን፣ ያውም በመቶዎች ቶን የሚመዝነውን፣ ከነሎኮሞቲቩ ዳገት ለማውጣት የሚደፍር ኤሌክትሪክ ሞተር ማን ሠርቷል?

ሥራው የተሰጠው በ1892 ለተመሠረተው ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ነው። ኩባንያው የሠራቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸው 87 ቶን ገደማ ይመዝናሉ፤ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ 360 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አራት ሞተሮች ነበሩት፤ በድምሩ 1,440 መሆኑ ነው። አሠራራቸው በዛሬ ዓይን ሲታይ ያስደንቃል። በሞተሩና በመንኮራኩሩ መካከል ጥርስ ያለው ማርሽ የለም፤ ሞተሩ የተሠራው በመንኮራኩሩ ዘንግ ዙሪያ ነው፤ ዘንጉ በሞተሩ መሀል ያልፋል ማለት ነው። የሞተሩ ኃይል ወደ መንኮራኩሩ የሚተላለፈው በጎማ መከታዎች አማካይነት ስለነበር የሐዲዱ ምት ሞተሩን በቀጥታ አይመታውም። እንዲህ ያለ ክብደት የሚሸከም ማርሽ በዚያ ጊዜ ማመን አስቸጋሪ ነበርና መሐንዲሶቹ ማርሹን ጨርሶ አስወገዱት።

ዋሻው በ1895 ሜይ 1 ቀን ለባቡር ተከፈተ፤ ጁን 27 ቀን የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሄደበት። ለማነጻጸር ያህል፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የጅቡቲውን ባቡር ለመሥራት ፈቃድ የሰጡት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ዐድዋ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ሥራው እንዲህ ይካሄድ ነበር። ከዋሽንግተን የመጣው ባቡር ካምደን ይደርሳል። ኤሌክትሪኩ ሎኮሞቲቭ ከፊቱ ይቀጠላል። የእንፋሎቱ ሎኮሞቲቭ አይፈታም፤ እንፋሎቱን ዘግቶ፣ እሳቱን አብርዶ፣ እንደ ማንኛውም ፉርጎ ይጎተታል። ኤሌክትሪኩ ዳገቱን ይዞት ይወጣና ዌቨርሊ የተባለው ቦታ ሲደርስ ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ እንፋሎቱ በገዛ ጉልበቱ ወደ ኒውዮርክ ይቀጥላል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መንገድ በጠቅላላው ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከኒውዮርክ የሚመጣው ባቡርስ? እሱ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ ቁልቁለት ነውና እንፋሎቱን ዘግቶ በክብደቱ ብቻ ተንሸራትቶ ያልፋል። እኔ ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። ሰዎቹ አዲሱን ነገር ያመጡት አዲስ ስለሆነ አልነበረም። ሰው በሚታፈንበት በዚያች ዳገት ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ በሚያስፈልገው ልክ አስቀመጡት።

ስለ ኤሌክትሪክ ባቡር ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን ፍጥነት ወይም የነዳጅ ቁጠባ ነው። በዋና መስመር ላይ መጀመሪያ ያስገባው ግን ከሁለቱም አንዱ አይደለም። ያስገባው የሰው ትንፋሽ ነው።

መስመሩ አጭር መሆኑም በአጋጣሚ ብቻ አልነበረም፤ የዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ ሩቅ መሄድ አይችልም ነበር። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። ሎኮሞቲቩ የሚሠራው በ675 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ ይህ ዛሬ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሽቦ ላይ ካለው 750 ቮልት ብዙም አይርቅም። በዚህ ቮልቴጅ 1,440 የፈረስ ጉልበት ለማግኘት ወደ 1,600 አምፔር ይፈልጋል። ሽቦን የሚያሞቀውና ኃይልን በመንገድ የሚያባክነው አምፔሩ ነው፤ ያውም አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከአዲስ አበባ አጠገብ ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ መስመር በ25,000 ቮልት ይሠራል፤ በዚያ ቮልቴጅ ያንኑ ጉልበት ለማግኘት 43 አምፔር ያህል ይበቃል። በአንድ ዓይነት ሽቦ ቢሄዱ የባልቲሞሩ ብክነት ከ1,300 እጥፍ በላይ በሆነ። ስለዚህ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በባልቲሞር አሠራር ማስኬድ አይቻልም፤ ስድስት ኪሎ ሜትር ግን፣ የኃይል ማመንጫውን ከሐዲዱ አጠገብ ተክሎ፣ ይቻላል።

ኃይሉን ከላይ ወደ ሎኮሞቲቩ ለማውረድ የተመረጠው ዘዴ ግን አልሠመረም። ከላይ የተዘረጋው ተራ ሽቦ አልነበረም፤ ይህን ያህል አምፔር ስለማይችል እንደ ተደፋ ገንዳ የሆነ ጠንካራ የብረት ዘንግ ተሰቀለ። ከሎኮሞቲቩ ጣሪያ የሚነሣ ክንድ ጫፉ ላይ ያለውን የነሐስ ቁራጭ በገንዳው ውስጥ ያንሸራትታል። በወረቀት ላይ ያማረ ነገር ነው። ነገር ግን በቁልቁለቱ የሚወርዱት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች እንፋሎታቸውን ቢዘጉም እሳታቸው አልጠፋም። ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ድኝ ከዋሻው እርጥበት ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን በላው። ጭስን ለማስወገድ የተተከለውን ዕቃ ጭስ አጠፋው። በ1902 ገንዳው ተነሥቶ በምትኩ ከሐዲዱ ጎን መሬት ላይ ሦስተኛ ሐዲድ ተዘረጋ፤ እሱም እስከ መጨረሻው አገለገለ።

ኩባንያው ለዚህ ሁሉ የከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። በ1896 ባልቲሞርና ኦሃዮ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት አስተዳደር ሥር ወደቀ፤ የመስመሩ ወጪ ካጎበጡት ሸክሞች አንዱ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የድርጅቱን አክሲዮን ሰብስቦ ለተወሰኑ ዓመታት በተጽዕኖው ሥር ያዋለው ማን ይመስላችኋል? ፔንሲልቬኒያ። የመስመሩ ጥቅም ግን በዚያ አልተቋረጠም። በዚያው በ1896 በዋሻው ሰሜናዊ አፍ ላይ የማውንት ሮያል ጣቢያ ተከፈተ፤ በረባዳ ቦታ ላይ ባለ ሰዓት ግንቡን ይዞ የቆመ የድንጋይ ሕንጻ ነው። መንገደኛው ከጨለማ ዋሻ ሲወጣ የሚቀበለው ይህ ነበር፤ ያውም ልብሱ ጥላሸት ሳይነካው። የዋሽንግተንና የኒውዮርክ ባቡር፣ ጀልባ ሳይጠብቅ፣ ባልቲሞርን አቋረጠ።

ሌሎች ከተሞች ይህን እያዩ ነበር። ፓሪስ በ1900 ከኦስተርሊትዝ እስከ አዲሱ የኦርሴ ጣቢያ ያለውን፣ አራት ኪሎ ሜትር የማይሞላ የምድር ውስጥ መስመር በኤሌክትሪክ ከፈተች፤ የዛሬው የኦርሴ ሙዚየም ያ ጣቢያ ነው። ያለ ጭስ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ጣቢያ በሴን ወንዝ ዳር፣ በሉቭር ፊት ለፊት መሥራት ባልተቻለ። ኒውዮርክ ግን ትምህርቱን በደም ነው የተማረችው። ጃንዋሪ 8 ቀን 1902፣ በጭስና በእንፋሎት በተሞላው በፓርክ አቬኑ ዋሻ ውስጥ አንድ የባቡር ነጂ ምልክቱን ሳያከብር አልፎ ከፊቱ ከቆመው ባቡር ጋር ተጋጨ፤ አሥራ አምስት ሰዎች ሞቱ። ግዛቱ በ1903 ሕግ አወጣና የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከጁላይ 1908 ጀምሮ በማንሃተን እንዳይገባ ከለከለ። ግራንድ ሴንትራል ከመሬት በታች ሊወርድና በላዩ ላይ ጎዳናና ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች ሊነሡ የቻሉት ከዚያ በኋላ ነው። በካናዳና በአሜሪካ ወሰን ላይ ባለው በሴንት ክሌር ዋሻም የባቡር ሠራተኞች በጭስ ታፍነው ከሞቱ በኋላ በ1908 ኤሌክትሪክ ገባ። እነዚህን ሁሉ ስመለከት የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው፤ መፍትሔው ከ1895 ጀምሮ ባልቲሞር ውስጥ በየቀኑ ዳገት ይወጣ ነበር።

የባልቲሞሩ መስመር ኤሌክትሪክ በ1952 ጠፋ። ያጠፋው ዲዝል ሎኮሞቲቭ ነው። ዲዝልም ያጨሳል፤ ሆኖም ከድንጋይ ከሰል እሳት ጋር አይወዳደርም፤ ደግሞም ካምደን ላይ መቀጠል፣ ዌቨርሊ ላይ መፍታት የሚባል ነገር ቀረ። ለስድስት ኪሎ ሜትር ብቻ የተለዩ ሎኮሞቲቮችን፣ ሠራተኞችንና የኃይል መስመርን ማቆየት ትርፍ የለውም ተባለ። ውሳኔው በሂሳብ ደረጃ ትክክል ይመስለኛል። የመንገደኛ ባቡሮቹም ብዙ አልቆዩም፤ ወደ ኒውዮርክ የሚሄዱት በ1958 ቆሙ፣ ማውንት ሮያል በ1961 ተዘጋ። ሕንጻው ግን አልፈረሰም፤ የሜሪላንድ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገዝቶት ዛሬ ተማሪዎች ይሠሩበታል።

ዋሻው ራሱ ሥራውን አላቆመም። ጁላይ 18 ቀን 2001 ኬሚካልና ሌላ ጭነት የያዘ ባቡር ውስጡ ከሐዲድ ወጥቶ ተቃጠለ፤ እሳቱ ለቀናት ነደደ፣ የከተማው የውሃ ቧንቧ ፈነዳ፣ በዋሻው ውስጥ ያለፉ የመገናኛ ገመዶች ተቃጥለው ኢንተርኔት በብዙ ቦታ ተንቀራፈፈ። የዚያን ቀን ብዙ ሰው ከእግሩ ሥር ምን እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ። በ2025 ደግሞ ዋሻው ለወራት ተዘግቶ ከፍታው ግማሽ ሜትር ገደማ እንዲጨምር ሲሠራበት ቆየ፤ ምክንያቱም ኮንቴይነሮች ዛሬ በፉርጎ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ተደራርበው ነው የሚጫኑት፤ የ1890ዎቹ ጡብ ቅስት ደግሞ ለአንድ ብቻ ነበር የሚበቃው።

በዋሽንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቦታው ሩቅ አይደለም። ከዋሽንግተን ዩኒየን ጣቢያ የሚነሣው የማርክ ባቡር አንዱ መስመር መጨረሻው ካምደን ነው፤ ከቤዝቦል ስታዲየሙ አጠገብ። ከዚያ ወርዶ በሃዋርድ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ዳገቱን በእግሩ ያውቀዋል። በጎዳናው ላይ፣ በዋሻው ትክክል፣ ከ1992 ጀምሮ የከተማው ቀላል ባቡር ይመላለሳል። እሱ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፤ ሽቦው ከላይ፣ 750 ቮልት። ከሥሩ ደግሞ ዲዝሎቹ የወደቡን ጭነት ይዘው ወደ ሰሜን ይወጣሉ።